የእናቴ እግርና የቆለፍኩት ጨው

ሥራዬ ጫማ መሸጥ ነው፤ ሰው ወደ ሱቄ ሲገባ ከፊቱ በፊት እግሩን አያለሁ። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቄ ተቀምጬ የገዢውን ቁጥር ሳይነግረኝ እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜም አልስትም። የእናቴ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ነው። ዐረብ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ቁጥር ጫማ ልኬላታለሁ፤ አንዱንም ጠበበኝ ወይም ሰፋኝ ብላ አታውቅም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አውልቃው የገባችው ኮንጎ ጫማ ከቅዳሴ ስትወጣ እግሯ ላይ አልገባ ሲል፣ ጥፋቱ የጫማው እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

ቁጢጥ ብዬ ላስገባላት ታገልኩ። ጣቶቿ ገቡ፤ የእግሯ ጀርባ ግን ጫማውን ሞልቶት ተረከዟ ውጭ ቀረ። ካልሲዋን ዝቅ ሳደርገው የላስቲኩ መስመር ቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ በጥልቀት ታትሟል።

«ምን ሁኖ ነው እማዬ?»

«ምንም አልሆነም። ድንጋዩ ላይ ብዙ ቁሜ ነው፤ ብርዱም አለ። ተይው፣ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ።»

ጠጠሩን እየረገጠች እስከ ባጃጁ ሄደች። እኔ ኮንጎዋን በእጄ አንጠልጥዬ ከኋላ ከኋላዋ ስከተል የማስበው ስለ ሌላ እግር ነበር፤ አይቼው ስለማላውቀው ስለ አባቴ እግር።

አባቴ የሞተው እኔ ዐረብ አገር ሳለሁ ነው። እንደ እናቴ እሱም የደም ግፊት ነበረበት። ጉና ሥር ካለው ቤታችን እስከ ጤና ጣቢያው ግማሽ ቀን በእግር ስለሚያስኬድ፣ ኪኒኑ ሲያልቅበት ይተወው ነበር። በስልክ ስጠይቅ «አባትሽ ደኅና ነው፤ እግሩን ትንሽ አብጦት ነው እንጂ» ይሉኛል። ሌላ ጊዜ ስደውል «ተኝቷል»፣ ሌላ ጊዜ ስደውል «ቤተ ክርስቲያን ሂዷል»። ለካ አርባው ሁሉ ወጥቶ ኖሯል። በእኛ አገር ውጭ ላለ ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እኔም የሰማሁት እዚያው ከምትሠራ ካገሬ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ «እግሩን ትንሽ አብጦት ነው» የሚለው ወሬ ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ፣ ያን ጊዜ እኔ የሌላ ሰው እናት እግር ሳስታምም መክረሜ ነው። የአሠሪዬ እናት ግፊት ያለባት አሮጊት ነበረች። እግሯን ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ አሳርፋለሁ። ጠዋት ጠዋት አውራ ጣቴን ቅልጥሟ ላይ ተጭኜ አነሳና የጎደጎደው ቦታ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ምግቧን ያለ ጨው እሠራለሁ። በዚያ ቤት ጨው የሚቀመጠው አንዲት ብልቃጥ ውስጥ ነበር፤ ብልቃጧን ቁም ሣጥን ውስጥ ከቆለፍኩ ነገሩ አለቀ። ከስደት ያመጣሁት ዕውቀት ቢኖር ይኸው ነው፤ እናቴን ከጉና አውርጄ ደብረ ታቦር ከእኔ ጋር ሳስቀምጣትም በዚሁ ተማምኜ ነበር።

ሰኞ ሱቄን ዘግቼ ኪኒኗን ወደምትወስድበት ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ግፊት እንዳለባት ከታወቀ ዓመት አልሞላውም ነበር። የጤና ባለሙያው ወጣት ነው፤ ተንበርክኮ ልክ እኔ እንደማደርገው አውራ ጣቱን ቅልጥሟ ላይ ተጭኖ አነሳ። ጉድጓዱ ቀረ።

«እማማ፣ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ኧረ የለም ልጄ። እኔ ደኅና ነኝ፤ የታመመችው እሷ ናት» አለችው ወደ እኔ እያመለከተች።

ልቧን አዳመጠ፣ ሽንትና ደም አስመረመረ። ልቧም ኩላሊቷም ደኅና ናቸው አለኝ። ደኅና የምትለውን ቃል በስልክ ጠግቤ ስለሰማኋት አላመንኩትም፤ ሁለት ጊዜ ደግሜ ጠየቅኩት። እሱ ግን አልተሰላቸም። «ከምትወስዳቸው ኪኒኖች አንዱ ራሱ እግር ያሳብጣል፤ ያም ሆኖ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። ጨው አትጨምሩ። ስትቀመጥ እግሯን ከፍ ታድርግ፤ ረጅም ሰዓት ቆማ አትዋል። ካልቀነሰላት በቀጠሮዋ ኪኒኑን እንቀይራለን። ትንፋሽ ካጠራት ወይም አንዱ እግሯ ብቻ ካበጠ ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ ኑ» አለን።

ጨው አትጨምሩ። እኔ ይህን ለመስማት የቸኮልኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ነገር ነዋ! ቤት እንደገባን ያለውን ጨው በሙሉ ሰብስቤ ከዐረብ አገር ባመጣሁት የብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«እኔን ሌባ አደረግሽኝ እኮ» አለች እየሳቀች።

«ለእኔም ነው እማዬ። እጄ ለምዶ እንዳይስተኝ ነው።»

«እሽ፣ ይሁን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማልጄ ስነሳ የመጀመሪያ ሥራዬ የእሷ እግር ሆነ። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ጣቴን እጫናለሁ፤ አነሳለሁ፤ እቆጥራለሁ። አሥር ላይ ከሞላ ሱቄን እየዘፈንኩ እከፍታለሁ። ሃያ ላይ ከደረሰ ቀኑ የተበላሸ ነው። አንድ ቅዳሜ ሃያ አምስት ደርሶብኝ፣ ከእብናት እህል ሊሸጥ ለመጣ ገበሬ ሁለት የግራ እግር ጫማ ሸጥኩለት። በሳምንቱ ይዞት ተመለሰና «እመቤቴ፣ ቀኙን ለሌላ ሰው ሰጥተሽብኝ ይሆን?» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ በሳቅ አለፈኝ። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኝ ነበር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ገባ። የንስሐ አባቷ ኪኒኑን ጠዋት እንድትውጥ ስለፈቀዱላት በዚያ በኩል አልተጨነቅኩም። በጾሙ በየቀኑ የምንበላው ሽሮ ነበር። ያለ ጨው የሠራሁት ሽሮ እንደፈራሁት አፍ የማያስጠጋ አልሆነም፤ እንዲያውም ደኅና ነው። እጄ ጥሩ ነው ብዬ ተኩራራሁ። እናቴም ትበላለች፣ እኔም እበላለሁ። እግሯ ግን ይብስ ጀመር። ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ጫማ ከሱቅ አመጣሁላት፤ ሳምንት ሳይሞላ እሱም ጠበባት።

በምን ምክንያት? ሌሊቱን ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነው። ትራስ አለ። ኪኒኑን በዓይኔ እያየሁ ትውጣለች። ጨው የለም። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ፣ ባሏ የሞተባት፣ ቡናም ሥራም የምንጋራት ሴት፣ «ወንዛዬ ወስደሽ ፍል ውኃው ውስጥ ንከሪያት» ብላኝ ነበር፤ ባለሙያውን በስልክ ስጠይቀው ሙቅ ውኃ እብጠቱን ሊያባብሰው፣ እሷንም ሊያዞራት ይችላል፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቂ ቶሎ አምጥተሽ አሳዪያት አለኝ። የዚያን ሳምንት ደግሞ መንገዱም ከተማውም ሰላም አልነበረም፤ ጤና ጣቢያው ሁለት ቀን ተዘግቶ ዋለ። እኔም ቤት ውስጥ ተቀምጬ ጥፋተኛ ፈለግኩ። ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አያጣም፤ እናቴ ጨው እየሰረቀች ነው ብዬ ደመደምኩ።

ማስረጃዬ መቀነቷ ነበር። በመቀነቷ ጫፍ አንድ ቋጠሮ አለ፤ ሰው ሲገባ በእጇ ትሸፍነዋለች። ማክሰኞ ከሱቅ ሳልታሰብ ቀደም ብዬ ስመለስ፣ ቋጠሮውን ፈትታ ጣቷን ከትታበት አገኘኋት። ስታየኝ ደንግጣ ቶሎ ቋጠረችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደለም።»

«ፍቺው ልየው።»

«ተይኝ ልጄ።»

አልተውኳትም። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል፤ የእናቴን እጅ ከቋጠሮው ላይ አንስቼ፣ ወገቧ ላይ እንዳለ መቀነቷን በጥርሴ ጭምር ፈታሁት። ውስጡ ግራጫ፣ ልም ያለ ነገር ነው። እምነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የሚሰጠው፣ የሚቀቡት አመድ። ግማሹ በእኔ መጣደፍ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

እናቴ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ የፈሰሰውን በጣቶቿ ለቃቅማ፣ ግንባሯ ላይ አስነክታ መልሳ ቋጠረችው። ከዚያ እግሯን ከትራሱ ላይ አውርዳ ቀሚሷ ሥር ሰበሰበችው።

«ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» አለችኝ። ገበያተኛ ያለችው በየቅዳሜው ድንችና ገብስ በበቅሎ ጭኖ የሚወርደውን የቀበሌያችንን ሰው ነው።

«እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ...»

«ይቅር ብያለሁ። ግን እሄዳለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ እጄን ስዘረጋ እግሯን ሰበሰበች። ሐሙስም እንዲሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጉና ሥር ያለው ቤት አባቴ የሞተበት ቤት ነው። ብርዱ ያው ነው፣ የጤና ጣቢያው ርቀት ያው ነው፣ ስልክ የሚያነሱት ሰዎችም ያው ናቸው። እዚያ ከሄደች ነገ ስደውል ምን እንደሚሉኝ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። አሁን ዐረብ አገር የለሁም፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብሬያት ሆኜ ላጣት ነው። ደግሞ ያባረርኳት እኔው ነኝ።

ሐሙስ የበርበሬ ቀን ነበር። ከመጣላታችን በፊት ዛላው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦና ጠፈፍ ብሎ ስለነበር ማሳደር አይቻልም፤ ጎረቤቴ በማለዳ ሙቀጫዋን ይዛ መጣች። እናቴ በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ጎረቤቴ ነገሩ ስለገባት ብቻዋን ታወራለች። በርበሬው ተወቀጠ፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው ገባ። ጎረቤቴ ሰፌዱ ላይ ዘርግታ እያሸች ሳለች እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ጨውሽን አምጪ እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ያለ ምንም ሐሳብ ገባሁ። ሳጥኑ ፊት ተንበርክኬ ቁልፉን ከማተቤ ጋር ጎትቼ አወጣሁና ከፈትኩት። በሁለት እጄ ጨው አፈስኩ። ልነሳ ስል እጄ ላይ ያለውን ጨው አየሁት።

«ስንት እፍኝ ነው አምና ያደረግነው?» አልኩ ከውስጥ።

«አምናማ ሦስት አድርገናል። አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ እንዳይሻግት ጨምሪበት ያልሽኝ?»

ጨውን መልሼ ደፋሁትና ወደ ሽሮው ዕቃ ሄድኩ። በጣቴ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግኩት። ጨው ነው። የበርበሬውን ዕቃ ከፈትኩ፤ እሱም ጨው ነው። አተሩን የቆላሁት እኔ፤ ቅመሙን ከጨው ጋር ቀላቅዬ ወፍጮ ቤት ያስፈጨሁት እኔ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ፣ እናቴን ጠዋት ማታ ጨው እያበላሁ፣ አንገቴ ላይ ቁልፍ አንጠልጥዬ ሌባ ስፈልግ ከርሜያለሁ! በዚያ በዐረብ ቤት ጨው አንዲት ብልቃጥ ውስጥ ነበር። እዚህ ገና ከወፍጮ ሳይመለስ እህሉ ውስጥ ነው፤ እሱን ማንም አልነገረኝም፤ ባለሙያውም በሽሮ ውስጥ ስላለው አልጠየቀኝም፣ እኔም አላሰብኩትም።

የሽሮውን ዕቃ ታቅፌ ወጣሁና እናቴ እግር ሥር አስቀመጥኩት።

«እማዬ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ። ጨው አለበት። በርበሬውም አለበት። ስቆልፍብሽ የከረምኩት በከንቱ ነው።»

ሽንኩርቱን ይዛ አየችኝ። «ሽሮ ላይ ያለውማ አለ። እሱም ይቆጠራል እንዴ? እኔ ወጥ ላይ የሚነሰነሰውን መስሎኝ ነው እኮ። ሽሮ ሽሮ ነው አይደል?»

«ታውቂ ነበር?»

«ስትቀምሚው አጠገብሽ አልነበርኩም? ተፈጭቶ አንድ ከሆነ ወዲያ ጨውነቱ የቀረ መስሎኝ።»

ጎረቤቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ግን አለቀስኩ፤ በርበሬ በነካ እጄ ዓይኔን ስለጠረግኩ ይብስ አለቀስኩ። እናቴ በውኃ አጠበችልኝ፤ «እግዜር ይፍታሽ» አለችኝ። ምሬሻለሁ ማለቷ ነው፤ አልሄድም ማለቷ ግን አልነበረም። ማታ ጨርቋን ስትሰበስብ አየኋት።

ዓርብ በማለዳ አተር ቆልቼ፣ ጨው ያልነካው ሽሮ አስፈጭቼ መጣሁ። በነጭ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ሠራሁት። አንድ ጉርሻ ወስዳ ቆም አለች።

«ይኸማ ጭቃ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አንቺም ከዚሁ ነው የምትበይው?»

«ከዚሁ ነው።»

ጨረሰችው። እኔም ጨረስኩት፤ እውነትም ጭቃ ነበር። እብጠቱ በአንድ ቀን እንደማይጎድል አውቅ ነበር፤ ኋላም ባለሙያው ኪኒኑን እስኪቀይርላት ድረስ ሙሉ በሙሉ አልጎደለም። የዚያን ዕለት ግን ያስጨነቀኝ የቅዳሜው በቅሎ ነበር።

ቅዳሜ ሱቄን አልከፈትኩም። ገበያተኛው ሸቀጡን ሽጦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በቅሎውን እየሳበ ደጃችን ቆመ። እናቴ ጨርቋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥሩን ጫማ ተረከዙን ረግጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜአለሁ።

«ተነሡ እንጂ እናቴ፣ ሳይመሽ» አላት።

«አንተ ሂድ» አለችው። «ለዘመድ ወዳጁ፣ እግሯን አብጧት ነው በል። ከልጇ ጋር ናት፣ ትታከማለች በል። ትንሽ ምናምን ብለህ እንዳትደባብቅ፤ እንደሆነው ንገር።»

ሰውየው ግራ ገብቶት በቅሎውን አዞረ። እናቴ ጨርቋን አስቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ከዚያ ከማክሰኞ ወዲህ የደበቀችውን እግሯን ከቀሚሷ አውጥታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ነይ፣ ንኪው።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አውራ ጣቴን ቅልጥሟ ላይ አደረግኩ።

«እምነቱን የምቀባው ለእግሬ ይመስልሻል?» አለችኝ። «እግሬስ ሰባ ዓመት ተራምጄበታለሁ፤ ይበቃዋል። አንቺ ጠዋት ጣትሽን አንስተሽ ስትቆጥሪ ፊትሽ ይጠቁራል። አንቺ ጉድጓዱን ታያለሽ፣ እኔ አንቺን አያለሁ። ቶሎ ይሙላና ልጄ ደስ ብሏት ትውጣ እያልኩ ነው አንቺ ሳታዪ የምቀባው።»

ጣቴን አነሳሁ። መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብያለሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ፤ የዚያን ቀን ጉድጓዱ ስንት ላይ እንደሞላ አላውቅም።